በእምነት ድምፅ ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ሰሞን ሲደርስ በአበሻ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሁለት ዓይነት ሰው ይበዛል። አንዱ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብሎ ከነወሬው ይሸሻል። ሌላው ፓርቲውን እንደ ሃይማኖት ይይዝና ከእሱ የተለየ የመረጠ ሁሉ ከእምነት የወጣ ይመስለዋል። እኔ እዚህ አገር ፕሮግሬሲቭ ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነኝ። የተራበውን፣ የታሰረውንና እንግዳውን የሚያስቀድመውን ወንጌል አምናለሁ። ድምፅ መስጠትም የዚያ እምነት አንዱ ሥራ ነው እላለሁ። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እኔ ለጸሎት እንጂ ለምርጫ የለሁበትም» ማለት

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ስሙ ዝርዝር ላይ መስፈሩ ራሱ ያስፈራዋል። የስንቱ ቤት ልጅ በፖለቲካ ምክንያት ወጥቶ ቀርቷል። ዝም ማለት ነፍስ ያተረፈበት ጊዜ ነበር።

ያኔም ቢሆን ግን ዝም ያላሉ የእምነት ሰዎች ነበሩን። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ወንጌል ነፍስን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ሰው ይመለከታል ብለው አስተማሩ። «ሁለንተናዊ አገልግሎት» ሲባል ስማቸው አብሮ ይነሳል። በ1960ዎቹ ነገረ መለኮት የተማሩት ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው፤ ዛሬ ብዙ ወገናችን የሚኖርበት አካባቢ። በ1979 ደርግ ገደላቸው። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ስለዚህ ለድሃና ለተበደለ መቆም ከፈረንጅ የተቀዳ ነገር ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

የአሜሪካንም ታሪክ እንይ። ፋኒ ሉ ሄመር ሚሲሲፒ ውስጥ በሰው እርሻ ላይ የምትሠራ ሴት ነበረች። ጥቁሮች ተመዝግበው መምረጥ እንደሚችሉ የሰማችው በ1962 ነው፤ ዕድሜዋ 44፣ ቦታውም የሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ። በዚያው ወር ከ17 ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ወደ ኢንዲያኖላ ሄደች። መዝጋቢው ከክልሉ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አውጥቶ «ገልብጪ፣ ትርጉሙንም አብራሪ» አላት። ፈተናውን ወደቀች። ማታ ቤቷ ስትመለስ የእርሻው ባለቤት «ምዝገባሽን ሰርዢ፣ አለዚያ ውጪ» አላት። ልመዘገብ የሄድኩት ለአንተ ሳይሆን ለራሴ ነው ብላ፣ 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ በዚያው ሌሊት ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ዊኖና በሚባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደበች። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሰው እየሰበሰበች መንፈሳዊ መዝሙር ታዘምር ነበር።

በመጋቢት 1965 ሴልማ፣ አላባማ ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጎን ከቆሙት አንዱ የግሪክ ኦርቶዶክሱ ሊቀ ጳጳስ ያኮቮስ ነበሩ። ጥቁር ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸውን እንዳደረጉ ፎቷቸው ላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። የእኛ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞችና እህቶች ይህን ፎቶ ቢያዩት ደስ ይለኛል። የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተፈረመ። ጥቅምት ላይ ደግሞ በትውልድ አገር ኮታ ይሠራ የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ ተሻረ። ኋላ የ1980ው የስደተኞች ሕግ መጣ፣ በ1990 ደግሞ የዲቪ ሕግ ወጣ። አብዛኞቻችን የገባነው በእነዚህ በሮች ነው። በሮቹን የከፈቱት ሰው የመረጣቸው ሰዎች ናቸው።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ የተወሰዳችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ ይላቸዋል። መጸለይም መፈለግም፣ ሁለቱም ታዘዋል።

ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ

ይህኛው አጭር ነው፤ ግን ሰው አገር ሊያሳጣ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ ሠራተኛዋ «መራጭ ሆነህ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ብላ ትጠይቃለች። በአብዛኞቹ ክልሎች የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ እንዲህ እንድትጠይቅ ያዛታል። ወረፋው ረጅም ነው፣ እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ስክሪኑ ላይ «ዬስ» መንካት ይቀላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያንን ከነካና «ዜጋ ነኝ» በሚለው ላይ ከፈረመ ነገሩ የማይሆን ቦታ ይደርሳል። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ በ1996ቱ ሕግ ወንጀል ነው፤ እስከ መባረርም ያደርሳል። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ «ተመዝግበህ ታውቃለህ? ድምፅስ ሰጥተህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በስህተት የተመዘገባችሁ ካላችሁ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ለየት ያሉ ቦታዎች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። ያ ግን ለከተማዋ ምክር ቤትና ለከንቲባዋ ብቻ ነው።

እጩውን በአፉ መመዘን

«የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል። በ2016፣ በ2020 እና በ2024 ከአሥር ነጭ ኢቫንጀሊካሎች ስምንት ያህሉ የመረጡት ዶናልድ ትራምፕን ነው። ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት የጥቁር ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን አብዛኞቹ ደግሞ ተቃራኒውን መረጡ። ሃይማኖታዊ ንግግር ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልዩነት አይመጣም ነበር።

ኢሳይያስ ምዕራፍ 10 ላይ ነቢዩ ወዮላቸው የሚለው የድሃውን ፍርድ ለማጣመም፣ መበለቲቱንና ወላጅ አልባውን ለመዝረፍ የግፍ ሕግ የሚጽፉትን ነው። ወቀሳው የወረደው በጻፉት ሕግ ምክንያት ነው። እኔም እጩ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ያንን ነው፦ ምን ይጽፋል? ማንን ይነካል?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1980ው ሕግ መሠረት በየዓመቱ ስንት ስደተኛ እንደሚገባ የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው። ለ2025 የበጀት ዓመት ጣሪያው 125,000 ነበር። ለ2026 ወደ 7,500 ወረደ፤ ከዚያም አብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ተመደበ። ካምፕ ውስጥ ሆኖ ዓመታት ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ቤተሰብ አለ፤ ኬንያ፣ ሱዳን፣ እዚያው ኢትዮጵያም። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለውን ቃል እሑድ ሰምቶ ይህን ቁጥር አያገባኝም ማለት ለእኔ አይገባኝም።

አንድ ጥቅስ ወይም አንድ ጉዳይ ይዞ መቅረት

በሰኔ 2018 የያኔው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ፣ ድንበር ላይ ልጆች ከወላጆቻቸው የሚለያዩበትን አሠራር ሲከላከሉ ሮሜ 13ን ጠቀሱ፤ ለመንግሥት ተገዙ ይላል አሉ። ያው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ «ፍቅር ለባልንጀራው ክፉ አያደርግም» ይላል። ከላይ የጠቀሰ ሰው ከታችም ማንበብ አለበት።

ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ በእኛ ቤተ ክርስቲያኖች ብዙ ሰው ድምፁን የሚወስነው በዚህ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሕሊናውን አከብራለሁ። ግን የቺካጎው ካርዲናል ጆሴፍ በርናርዲን በ1983 ያሉትን አስቡት፦ ለሕይወት መቆም ፅንስንም፣ ጦርነትንም፣ የሞት ቅጣትንም አንድ ላይ ማየት ይጠይቃል። ካርዲናሉ ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። የተወለደው ልጅ የሚበላው፣ የሚታከምበት፣ እናቱ የምትከፈለው ደሞዝም የሕይወት ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በፓርኪንግና በኤርፖርት የሚሠራ ሰው ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው አስሉት።

ፍሎሪዳ በ2020 ለፕሬዚዳንትነት ትራምፕን መረጠች። በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከ60 በመቶ በላይ መራጭ ዝቅተኛ ደሞዝ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ዶላር ከፍ እንዲል ድምፁን ሰጠ። ስለዚህ ወረቀቱን እስከ ታች አንብቡ።

በአራት ዓመት አንዴ ብቻ መውጣት

በ2020 መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ከሦስት ሁለት እጁ ያህል ወጣ። ፕሬዚዳንት ባልተመረጠበት በ2022 ግን ከግማሽ በታች ነው የወጣው። ለካውንቲና ለስኩል ቦርድ ሲሆን ደግሞ በጣም ይቀንሳል። ኑሯችንን በቅርብ የሚነካው ግን እዚያ ነው።

አትላንታ አጠገብ ያለችውን ጉኒት ካውንቲ ውሰዱ። የካውንቲው ሸሪፍ ቢሮ ከአይስ፣ ከፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ ጋር ውል ነበረው፤ በትራፊክ ጥፋት የተያዘ ሰው እስር ቤት ሲገባ የመኖሪያ ወረቀቱ ይመረመር ነበር። በ2020 የተመረጠው አዲስ ሸሪፍ ሥራ በጀመረ ዕለት ውሉን አቋረጠ። በ2024 ደግሞ የጆርጂያ ሕግ አውጪዎች ሸሪፎች ከአይስ ጋር እንዲተባበሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ሸሪፉም ሕግ አውጪዎቹም በድምፅ የሚመረጡ ናቸው፤ ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳን አናውቅም።

ሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ የፓርቲ እጩ በሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ፣ በፕራይመሪው፣ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ውድድሩ የሚያልቀው ፕራይመሪው ላይ ስለሆነ ኅዳርን መጠበቅ ይዘገያል። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የለም።

የእናትን ወረቀት መሙላት

ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል። እናት ዜግነት የወሰዱት ስንት መከራ አይተው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አይገባቸውም። ልጅ ከሥራ መጥቶ ቆሞ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላል። እሳቸውም መነጽራቸውን ፈልገው ይፈርማሉ። ሁሉም በቅንነት ነው። ግን የተመረጠው የልጁ ሰው ነው፤ እናት ድምፃቸውን አልሰጡም። ፕሮግሬሲቭ የሆነው ልጅም ይህን ያደርጋል፤ ለጥሩ ዓላማ ስለሆነ ምንም አይደል ይላል። ነውር ነው።

ሕጉ መንገድ አበጅቷል። በ1982 በወጣው ሕግ መሠረት ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል ሰው፣ ዓይነ ስውር ወይም አካል ጉዳተኛም፣ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በስተቀር የፈለገውን ሰው ረዳት አድርጎ መምረጥ ይችላል። ምርጫ ጣቢያም ይዞት ይገባል። የረዳት ሥራ ማንበብና ማስረዳት ነው። ቁጭ በሉ፣ ቡና ይፈላ፣ እያንዳንዱን ስም አንብቡላቸው። «ይሄኛው ስለ ቤት ኪራይ እንዲህ ይላል፣ ይቺኛዋ ስለ ትምህርት ቤት እንዲህ ትላለች» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። እናንተ የማትወዱትን ከመረጡም እሳቸው ባሉት ስም ጎን ያለውን ምልክት አጥቁሩላቸው።

ከመድረክ «እገሌን ምረጡ» ማለት

ከግብር ነፃ የሆኑ ቤተ ክርስቲያኖች እጩ እንዳይደግፉ የሚከለክል ሕግ ከ1954 ጀምሮ አለ። በ2025 የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ቴክሳስ ውስጥ በቀረበበት ክስ ከከሳሾቹ ጋር ለፍርድ ቤት ባስገባው የስምምነት ሐሳብ፣ ቤተ ክርስቲያን ለራሷ ምዕመናን በአምልኮ ጊዜ የምትናገረውን እንደ ምርጫ ዘመቻ እንደማይቆጥር ገለጸ። ሕጉ ቢላላም ግን ይህ ባይደረግ እመርጣለሁ። ቄስ ወይም ፓስተር ስለ ረሃብ፣ ስለ እስረኛ፣ ስለ ስደተኛ ያለ ፍርሃት ያስተምሩ። የእጩ ስም ሲነሳ ግን ልዩ ሐሳብ ያለው ምዕመን ቤቱ እንዳልሆነ ይሰማዋል።

ሌላ መንገድ አለ። የጥቁር ቤተ ክርስቲያኖች እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምዕመናንን በአውቶቡስ ጭነው ቀድሞ ድምፅ ወደሚሰጥበት ጣቢያ ይወስዳሉ። ማንን ምረጡ ሳይሉ ሰውን ማድረስ ነው። ከቅዳሴ በኋላ መኪና ያላቸው ወጣቶች ለማይነዱ እናቶችና አባቶች ይህን ማድረግ ይችላሉ። በአካባቢያችሁ ቀድሞ የሚመረጥባቸውን ቀናትና ሰዓታት ከካውንቲው የምርጫ ቦርድ አጣሩ፤ ወረቀቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ጻፉት፤ የሚሄድ ሰው ስምና የሚያደርሰው ሹፌር ጎን ለጎን ይሞላበት።