«ኩል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይምታታ እንዴት መረዳት ይቻላል?

«ኩል» ሲባል ለኛ ቀድሞ የሚታየን የዓይን ኩል ነው። የእንግሊዝኛውን ደግሞ አስተማሪው «ቀዝቃዛ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም ጽፈን እንይዛለን። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ተማሪዎቼን ረጃጅሞቹ ቃላት ብዙ አያስቸግሯቸውም፤ የምታምሳቸው ይቺ አጭሯ ናት። ፍቺዎቿን በዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ የሚከተለው መንገድ ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደተባለ ለዩ። ስለ አየር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን «ኩል» ብርድ ማለት አይደለም። ቀለል ያለ፣ ብዙ ጊዜም ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነው። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ቀን ትሞቃለች፤ አመሻሽ ላይ ነፋስ ሽው ሲል ያ «ኩል» ነው። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ፣ በሐምሌ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ፒያሳ ላይ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሲከናነብ፣ ያ «ኮልድ» ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ቀጥሎ ቃሉ ግስ መሆን አለመሆኑን እዩ። ግስ ከሆነ «በረደ» በሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። በአማርኛ ገንፎም ይበርዳል፣ ቁጣም ይበርዳል። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። «ኩል ዳውን» ከተባላችሁ ንዴታችሁ ይብረድ ማለት ነው።

አስቸጋሪው ስለ ሰው ሲነገር ነው። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ከቃሉ አንሱና ከኋላው ወደምትመጣው ትንሽ ቃል አዙሩ።

«ቱ» ከተከተለ ተጠንቀቁ። ላሊበላ አስጎብኚ የሆነ ወዳጄ አለ። እንግዶቹ ስላረፉበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ «ሺ ዋዝ ኩል ቱ አስ» አሉት። እሱ ደስ ብሎት «የኛ አገር ሰው እኮ እንግዳ ይወዳል!» አላቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ ሴትየዋ ፊት ነስታቸዋለች። «ኩል ቱ» በተለመደው አገባቡ ቀዝቀዝ ብሎ መቀበል ነው፤ ስድብ የለ፣ ጠብ የለ፣ ፈገግታም የለ።

«ዊዝ» ከመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «አይ አም ኩል ዊዝ ኢት» ማለት ቅር አይለኝም፣ ተስማምቶኛል ማለት ነው። «አንደር ፕሬሸር» ከተከተለው ደግሞ ሰው ሁሉ ሲራወጥ የማይደናገጠውን፣ ረጋ ያለውን ሰው ያመለክታል።

ምንም ሳይከተለው «ሂ ኢዝ ኩል» ከተባለስ? አሪፍ ልጅ ነው ማለት ነው። ይህ ፍቺ የመጣው ከጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የጃዝ ሙዚቀኞች በሰፊው አሰራጩት። እንደ ሌላው የወጣት ቋንቋ ያረጃል ሲባል ይኸው እስካሁን አለ። አንድ ችግር አለ፦ ወጣት አሜሪካዊ «ኩል ቱ ሚ» ብሎ «ጥሩ ሆነልኝ» ለማለት ሊፈልግ ይችላል። ያኔ ፊቱንና ድምፁን ማየት ነው። ካልለየላችሁ ጠይቁ። «ጥሩ ተቀበለቻችሁ ወይ?» ማለት አያሳፍርም፤ ወዳጄም ይህችን ቢጠይቅ ኖሮ ይገላገል ነበር።

ለብቻው መልስ ሆኖ ሲመጣ «እሺ» ነው፣ አለቀ። ይቅርታ ለጠየቀ ሰው «ኢትስ ኩል» ሲባል ደግሞ እኛ ወሎ ውስጥ ከ«አብሽር» የተሻለ ትርጉም የለንም። «አር ዊ ኩል?» ያላችሁ ሰው ተቀያይመን እንደሆነ እያጣራ ነው፤ ስለ አየሩ እንዳትመልሱለት።

ግን እናንተ ራሳችሁ ስትናገሩ ቆጠብ አድርጉት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ በየመልሱ «ኩል፣ ኩል» የሚል ሰው ሰፈር ያለ ይመስለዋል። ሐዘን የነገራችሁን ሰው «ኩል» ካላችሁትማ ጉድ ነው።

የቀሩት እንዳሉ የሚያዙ አባባሎች ናቸው። «ኩል ዮር ሂልስ» ቃል በቃል ተረከዝህን አቀዝቅዝ ይላል፤ ትርጉሙ ግን ቢሮ በር ላይ የቆመ ሁሉ የሚያውቀው ደጅ መጥናት ነው። «ሉዝ ዮር ኩል» ትዕግሥት አልቆ መፈንዳት ነው። «ኤ ኩል ሚሊየን» ቀዝቃዛ ሚሊዮን ሳይሆን ድፍን ሚሊዮን ነው፤ ብዛቱ እንዲሰማህ የገባ ማጋነኛ።

ስለ መሣሪያ ከጠየቃችሁኝ፣ የስልክ መተርጎሚያን አልጠላም። ግን ቃሏን ለብቻዋ አትስጡት፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አስገቡለት። በኪስ የሚያዘው እንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ለዚህች ቃል ብዙም አይረዳም። ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ከእያንዳንዱ ፍቺ ሥር ምሳሌ ያለው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ይሻላል፤ ኦክስፎርድም ሎንግማንም በነፃ ኢንተርኔት ላይ አላቸው። ደብተር ላይም ስትይዙ ቃሉን ከነጎረቤቱ ጻፉት፤ «ኩል ቱ»፣ «ኩል ዊዝ» እያላችሁ።

እስቲ ይህን ፍቱ፦ «ሂዝ ዋይፍ ዋዝ ኩል ቱ ሚ፣ ባት ሂ ዋዝ ኩል ዊዝ ኢት»። ሚስቱ ፊት ነሳችኝ፤ እሱ ግን ምንም ቅር አላለውም።