ለምትሸጡት ምግብ ስምና ሌብል ስታወጡ

የማሸጊያ ሌብል እሠራለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና የሚያዘጋጁ ሰዎች ይመጡና «አሪፍ ስም አውጪልን» ይሉኛል። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ሙያቸው የሚመሰገን ነው። ሌብላቸው ላይ ግን ከሙያቸው አንድም ነገር እንዲታይ አይፈልጉም። የፈረንጅ የሚመስል ስም፣ የወርቅ ዘውድና «ፕሪሚየም» የሚል ጽሑፍ ይበቃቸዋል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ገዢ የሚስበው ነገር እኮ እጃቸው ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብላችሁ የምርታችሁን ታሪክ ጻፉ። ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል? ማን ያዘጋጀዋል? እናንተ የምታደርጉት፣ ሌላው የማያደርገው ነገር ምንድነው? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አትቸኩሉ። ሰው የራሱ ሙያ ተራ ነገር ስለሚመስለው ቶሎ አይናገረውም።

አንዲት ደንበኛዬ በርበሬያቸውን በጠርሙስ ይዘው መጡ። ስሙ «ሮያል ስፓይስ» እንዲሆን ፈልገዋል። እስቲ አሠራሩን ይንገሩኝ አልኳቸው። ዛላውን ከማረቆ ነው የማስመጣው አሉ። ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው ይገቡበታል። በሶብላው ግን ጥላ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ፀሐይ ካገኘው መዓዛው ይጠፋል። ከዚያ ሊነሱ ሲሉ «ወፍጮ ቤት ደግሞ ራሴ ቆሜ ነው የማስፈጨው። የሌላ ሰው እህል እንዳይቀላቀልብኝ» አሉ።

«እማማ፣ አገኘነው!» አልኳቸው። ሌብሉ ላይ «ቆሜ ያስፈጨሁት የማረቆ በርበሬ» ብለን ጻፍን። ገዢው ያንን ሲያነብ ሴትየዋ ወፍጮው አጠገብ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይታዩታል። ዘውድ ይህን አያደርግም።

እውነቱን ከጻፋችሁ በኋላ ምንም አትጨምሩበት። «ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ እንድሠራ የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። ንግዱ የተከፈተው አምና ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ አልቀበልም። አፈ ታሪክ መጠቀም ከፈለጋችሁ አፈ ታሪክ መሆኑን ግለጹ። ለምሳሌ የፍየል እረኛው የካልዲ ታሪክ በብዙ የቡና ማሸጊያ ላይ አለ። ፍየሎቹ የዘለሉበት ይህ ታሪክ በጽሑፍ ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ የታተመ ጽሑፍ ነው። ደስ የሚል ተረት ነው፤ «ይባላል» የምትል ቃል ጨምሩበትና ተጠቀሙበት።

የራስን ታሪክ አለማወቅ ትልልቆቹንም ያዋርዳል። ፋንታን ሁላችንም ጠጥተን አድገናል። የተፈጠረው ግን እ.ኤ.አ. በ1940 በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ ነው። በጦርነቱ ምክንያት የኮካ ኮላ ቅመም ወደ አገሪቱ መግባት ሲያቅተው፣ ማክስ ካይት የተባለው የጀርመን ኮካ ኮላ ኃላፊ በእጁ ያለውን መፈለግ ጀመረ። አይብ ሲወጣ የሚተርፈውን አጓትና የፖም ጭማቂ የተጨመቀበትን ተረፈ ምርት አገኘ። የመጀመሪያው ፋንታ ከዚያ ነው የተሠራው። ዛሬ የምናውቀው ብርቱካናማው ፋንታ የመጣው በ1955 ከጣሊያን፣ ከኔፕልስ ነው። ታዲያ በ2015 ጀርመን ውስጥ 75ኛ ዓመቱ ሲከበር ማስታወቂያው ስለ ድሮው ደግ ዘመን አወራ። የትኛው ደግ ዘመን? ሕዝቡ ተቆጣ፣ ማስታወቂያውም ተነሳ። በችግር ጊዜ በተረፈ ነገር መሥራት እኮ የሚያኮራ ብልሃት ነው። ችግሩ ዘመኑን ረስቶ መፎከሩ ነው።

ወደ ስም እንምጣ። «የውጭ ስም ይሸጣል» ለሚሉኝ መልስ አለኝ። እርግጥ ነው፣ ሃገን ዳዝ የተባለው አይስክሬም ሸጧል። ስሙ የዴንማርክ ይምሰል እንጂ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የለውም። ያወጣው ሩበን ማተስ የሚባል፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ማሸጊያዎች ላይ የዴንማርክ ካርታ ሳይቀር ነበረበት። ግን አይስክሬሙ አየር ያልበዛበት፣ ቅባቱ የጠነከረ፣ ከሌላው የተለየ ነበር። ሰውን ያስመለሰው ጣዕሙ ነው።

እኛ ደግሞ ዓለም የሚፈልጋቸው የቦታ ስሞች አሉን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋር ትልቅ ውዝግብ ተነስቶ ነበር። ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። እንዲህ የሚያከራክር ስም እያለን ሌላ አንፈልግ። ብቻ የቦታ ስም የጋራ ስለሆነ ብቻውን የአንድ ሰው ንግድ ምልክት ሊሆን ያስቸግራል። የራሳችሁን ስም ወይም አባባል አብራችሁ አስገቡ፤ «ቆሜ ያስፈጨሁት» የሚለው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ማሸጊያው ላይ አንድ ፈተና አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1915 ኮካ ኮላ ከብርጭቆ ፋብሪካዎች የጠየቀው በጨለማ በእጅ ሲዳሰስ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ሲገኝ እንኳን የሚታወቅ ጠርሙስ ነበር። ያ ወገቡ የገባ ጠርሙስ የተገኘው ከዚህ ነው። እኛ የራሳችንን ጠርሙስ ማስቀረጽ አንችልም። ከመርካቶ የምንገዛው ዕቃ ሁላችንም ጋ አንድ ነው። ስለዚህ ስሙን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑና የእናንተ መሆኑ ይታወቅ እንደሆነ እዩ። ካልታወቀ የክዳኑን ቀለም ወይም የሌብሉን ቅርጽ ለዩ። አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ ሰለቸን ብላችሁ አትቀያይሩት። ደንበኛው ገና መልመዱ ነው።

ማስታወቂያ ላይ ብዙ አልልም። መጀመሪያ አስቀምሱ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጆን ፔምበርተን የሚባል የአትላንታ ፋርማሲስት ቀምሞት አንዱ ብርጭቆ 5 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ስሙን ያስፋፋው አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስገኝ ኩፖን ነው። የእናንተ ኩፖን ለአንድ ወጥ የምትበቃ ትንሽ እሽግ ናት። ባዛር ላይ ለሚያልፍ ሁሉ አትበትኑ፤ አብስለው ለሚያውቁ፣ ለሰው ለሚያወሩ ስጡ።

ስሙን ካወጣችሁ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ አዕምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሂዱ። ቀድሞ የተመዘገበ ተመሳሳይ ስም መኖር አለመኖሩን ሳታጣሩ ሌብል አታሳትሙ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ስኳር ያድናል፣ ደም ግፊት ያወርዳል የሚል ነገር ሌብሉ ላይ ለመጻፍ አታስቡ። የታመመ ሰው አምኖ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል።

መጀመሪያ ጥቂት ብቻ አሳትሙ። ዘይት በነካው እጅ አሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ወረቀቱን ቀይሩ። የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን የምታትሙበት ባዶ ቦታ ተዉ። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ሌላ ሰው ደውሎ ይሞክርላችሁ።