በሰሜን አውስትራሊያ ክረምት የዱር ምግብ ዕፅዋትን ለይቶ ማወቅና ማዘጋጀት

በሰሜን አውስትራሊያ በሚገኙት በካካዱ ብሔራዊ ፓርክና በአጎራባቹ አርነም ላንድ ክረምቱ የሚገባው በኢትዮጵያ በጋው ሲሆን ነው። የምድሪቱ ነባር ባለቤቶች የሆኑት የቢኒንጅ ሕዝቦች ዓመቱን በ6 ወቅቶች የሚከፍሉ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ የሚዘልቀውን ዶፍ የበዛበት ጊዜ ጉጄውግ ይሉታል። በዚህ ወቅት ለምግብ የሚሆነውን ተክል መልቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ አርነም ላንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የመሬት መብት ሕግ መሠረት የነባሮቹ ሕዝቦች ይዞታ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባበትም። ከዚህም በላይ ተክሎቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ የአካባቢው እናቶች ሳይመሩት ማንም ብቻውን ባይለቅም እመክራለሁ።

ፍሬዎቹ ይቀላሉ። አረንጓዴው ፕለም ቢበስልም አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቀር በዓይን መፍረድ ያሳስታል፤ በሁለት ጣት ጫን ሲሉት የሚለሰልሰውን ብቻ መልቀም ይገባል። ቀዩ የዱር ፖም በጎኑ ሸንተረር ያለው፣ ሥጋው የሚኮመጥጥ ፍሬ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ትልቅ ዘር ይጣላል። ከብርቱካን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ ያለው የካካዱ ፕለም ግን ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው የሚደርሰው። ከኩሬ የሚነቀለው የውሃ ሊሊ አገዳ ተልጦ በጥሬው ይበላል፤ ሆኖም ውሃው አዞ ስለማያጣው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሳይፈቅድ እግርን እንኳ ማስገባት አይገባም።

ትልቁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው የወላይታው ቦዬ ዘመድ የሆነው ያም ነው። ሁለት ዓይነት ሐረግ ጎን ለጎን ሊበቅል ይችላል፤ የሁለቱም ቅጠል ልብ ይመስላል። የረጅሙ ያም ሥር በረመጥ ተጠብሶ ይበላል። ሌላው ክብና ጸጉራም ሥር ያለው ሲሆን፣ ቅጠሉ ከሐረጉ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ትንንሽ ድንች የሚመስሉ ኳሶችን ያንጠለጥላል፤ ይህ መራራና መርዛማ ነው። እናቶቹ ይህን ሥር አብስለው፣ በስሱ ፍቀው፣ በተጎነጎነ ከረጢት ውስጥ አድርገው ውሃ ውስጥ በማሳደር ምሬቱን ያስወጣሉ፤ ሥራውን ከእነርሱ ዘንድ ሳይማሩ መሞከር አደገኛ ነው።

በክረምት ሐረጉ ለምለም ቢሆንም ሥሩ ገና አልሞላም። ስለዚህ በዚህ ወቅት የሚሠራው ዋና ሥራ ቁፋሮ ሳይሆን ሐረጉ የትኛው ዛፍ ላይ እንደተጠመጠመ አይቶ ማስታወስ ነው፤ ዝናቡ አልፎ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ቦታውን የሚያገኘው ያስተዋለ ሰው ብቻ ነውና። ያን ጊዜ በሾለ እንጨት ዙሪያውን በዝግታ ቆፍሮ ሥሩን ማውጣት፣ ከሐረጉ ጋር የተያያዘውን የላይኛውን ጫፍ ግን ሳይነቅሉ በቦታው ትቶ አፈር መልሶ ማልበስ ያስፈልጋል።