ልጆች የሚወዱትን የምናብ መጽሐፍ እንዴት አኒሜሽን ፊልም እናድርገው?

ልጆች በቃላቸው የሚያውቁትን መጽሐፍ ፊልም ማድረግ ዋዛ አይደለም። ገና ሳትጀምሩ እነሱ ፊልሙን በጭንቅላታቸው አይተው ጨርሰዋል። አንዲት ነገር ከጎደለች "ኧረ እንዲህ አይደለም!" የሚል አይጠፋም። ቢሆንም መጽሐፉን ሙሉውን ስክሪን ላይ ለመጫን አትሞክሩ። ልጆቹ የያዙትን ያዙ፣ ሌላውን ልቀቁ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ታሪክ እንውሰድ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖር አንዲት ልጅ፣ ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳ ሾልኮ ከሚገባ ጅብ ጋር ታወራለች። ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ግንቡ ላይ በእውነትም አለ፤ ፈጠራው ወሬው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድን መጽሐፍ ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የደራሲው ነው። ደራሲው ቢሞትም መብቱ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ያኔ የምትነጋገሩት ከወራሾቹ ጋር ነው። "እናውቃለን እኮ፣ ቡና ላይ ተስማምተናል" የሚባለው ነገር በኋላ ጣጣ ያመጣል። በጽሑፍ ይሁን። በየትኛው ቋንቋ፣ ለስንት ዓመት፣ ዩቲዩብ ላይ ነው ቴሌቪዥን ላይ፣ ገንዘብ ከመጣስ ድርሻው ስንት ነው? ሥዕሎቹን ሌላ ሰው ከሳላቸውና መልካቸውን ልትጠቀሙ ካሰባችሁ የሰዓሊው ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋል። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ለልጆች አንብቡና ዝጉት

መጽሐፉን ለሰፈር ልጆች አንብቡላቸው። በማግስቱ መጽሐፉን ሳታወጡ "እስቲ ታሪኩን ንገሩኝ" በሏቸው። የሚነግሯችሁ ነገር ፊልማችሁ ነው። እናንተ የወደዳችሁትን ያንን የሚያምር የጨረቃ መግለጫ ዘለው ጅቡ ስለበላው አጥንት ሲጨቃጨቁ ብታዩ አትከፉ። አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ ሌላዋ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ጣል ታደርግበታለች። አታርሟቸው፣ ቅዱት። ገጸ ባህሪያቱ ሲያወሩ ይሄ ያስፈልጋችኋል።

ስክሪፕት

አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ነው። መጽሐፉ "ልጅቷ ፈራች" ብሎ ያልፋል፤ ፊልም ግን እንዲህ ማለት አይችልም። ቀይ የተቀባው መደብ ላይ ተቀምጣ ቀስ ብላ እግሯን ወደ ላይ ከሰበሰበች ግን ማንም ሳይነግረው ተመልካቹ ይገባዋል። ለአስማቱም ሕግ አውጡለት። ጅቡ የሚያወራው ማታ ብቻ ነው? እናቷ ትሰማዋለች? አንዴ ከወሰናችሁ እስከ መጨረሻው አታፍርሱት፤ ልጆች ዘንዶ ቢበርም ችግር የለባቸውም፣ ሕጉ ሲጣስ ግን ወዲያው ይነቃሉ።

መልኩን ማውጣት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አመሻሽ ላይ ሰው ለጅብ ሥጋ ወደሚያበላበት ወደ ፈላና በር፣ ከጀጎል በሮች ወደ አንዱ፣ ሂዱና አካሄዱን አጥኑ። የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ጀርባው ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል፣ ሥጋውን ከተቀበለ ደግሞ ብዙም አይቆምም፣ ዘወር ይላል። በቴሌቪዥን የለመድነው ክፉ ጅብ ትልቅ ውሻ ሆኖ ነው የሚሳለው፤ የእናንተው የሐረር ጅብ ይሁን። ድምፁንም በስልክ ቅዱ። መጨረሻው ላይ ከፍ እያለ የሚሄደውን ጩኸት ከኢንተርኔት ከማውረድ እዚያው መቅዳት ይሻላል። ቀን ላይ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት በመኪና ግርግር መንገድ ስታልፉ የልብስ ስፌት መኪኖቹንም ቅዱ፣ ለገበያ ትዕይንት ይሆናሉ።

ዳራውን፣ ማለትም ከገጸ ባህሪያቱ ጀርባ የሚታየውን ሥዕል፣ አታብዙ። የጀጎል ጠባብ መንገድ፣ ሙዳዮችና ስፌቶች የተሰቀሉበት የሐረር ቤት ግድግዳ፣ ግንቡና ቀዳዳው። ሦስቱ ይበቃሉ።

ሒሳቡ

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ፍሬም ማለት አንድ የቆመ ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት በሰከንድ 12 ሥዕል ይሆናል። በደቂቃ 720፣ በአምስት ደቂቃ 3,600 ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ናሙና ሥሩ። ታሪኩ ማታ መሆኑም ይጠቅማል፤ ጨለማ ውስጥ ጥላና የሚያበሩ ዓይኖች ብቻ ከሳላችሁ ብዙ ሥራ ይቀላል።

ስቶሪቦርድና አኒማቲክ

ትዕይንቶቹን ወረቀት ላይ በግርድፉ ሳሉ፤ ስቶሪቦርድ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ድምፅ አስገቡና በቅደም ተከተል አጫውቱት። አኒማቲክ የሚባለው ይሄ ነው። የገጸ ባህሪያቱ ድምፅ ከሥዕሉ በፊት ይቀዳ፣ ምክንያቱም አፍ ከድምፅ ጋር የሚገጠመው በኋላ ነው። ከዚያ ያንኑ የልጆች ቡድን ሰብስባችሁ አሳዩ። እናንተ ስክሪኑን ተዉትና እነሱን እዩ። የተቁነጠነጡበትን ቦታ ያለ ርኅራኄ ቁረጡ።

ለመሥራት ብሌንደርና ኦፕንቱንዝ የሚባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ፣ ለሥዕል ክሪታ። ሁሉም ነጻ ናቸው። ድሬዳዋ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሬንደሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሥራችሁን ወደ ተጠናቀቀ ምስል የሚቀይርበትን ሥራ፣ ወደ ሌሊት አድርጉት፤ በቀኑ ሙቀት ላፕቶፕ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይዘገያል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፋይሉን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፣ ቅጂውም ሌላ ዲስክ ላይ ይኑር።

የአንድ ደቂቃው ናሙና ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ከመግባታችሁ በፊት ለደራሲው አሳዩት። ስንቴ አስተያየት እንደሚሰጥ ግን ውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስትደርሱ የልጅቷ ቀሚስ ቀለም ይቀየር ይላችኋል።