ቶኪዮ ላይ ብርጭቆ ልትቀርጹ ነው? ቀለሙ ላይ አትቸኩሉ

ቶኪዮ ጎራ የምትሉ ከሆነ ኤዶ ኪሪኮን ሞክሩ። ከተማዋ ገና ኤዶ በምትባልበት ዘመን፣ በ1834 የተጀመረ ብርጭቆ የመቅረጽ ጥበብ ነው። አሳኩሳና ሱሚዳ አካባቢ ጀማሪ የሚቀበሉ ወርክሾፖች አሉ።

መጀመሪያ የሚመጣው የቀለም ምርጫ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ የገባውን ያነሳል። ቆይ! ብርጭቆው ሁለት ንብርብር ነው፤ ውስጡ ጥርት ያለ፣ ላዩ ስስ ቀለም። የሚሽከረከረው ዲስክ ቀለሙን ሲፍቀው ብርሃን የሚያስገባ መስመር ይወጣል። ችግሩ፣ ዲስኩ የሚነካው የብርጭቆውን የታችኛውን ገጽ ነው። እናንተ ከላይ ሆናችሁ በብርጭቆው ውስጥ አሻግራችሁ ነው የምታዩት። ጥቁር ከመረጣችሁ በጨለማ መርፌ እንደመሰካት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሻላል።

ክርናችሁን አስደግፉ፣ ደግሞም አትጫኑ። ዲስኩ ራሱ ይቆርጣል። ክብ ነገር ይቅርባችሁ፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲቆራረጡ በቂ ያምራሉ። አንዷ መስመር ካመለጠቻችሁ ሌሎቹንም በዚያው ልክ አስረዝሙ፤ ሆን ብላችሁ ያደረጋችሁት ይመስላል።

የቆረጣችሁት ቦታ ጉም እንደለበሰ ነጣ ብሎ ቢቀር አትደንግጡ። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ከቆረጣ በኋላ ስለተወለወለ ነው።

ቤት ስትገቡ ደግሞ የፈላ ሻይ እንዳትቀዱበት። ሊሰነጠቅ ይችላል።