የሞተር የኋላ ጎማ አልወጣ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ከለገጣፎ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለሚኖር ሰው የሞተር የኋላ ጎማ ሲተነፍስ ነገሩ ቀላል አይደለም። ጎሚስታው ያለው አስፋልቱ ዳር ነው። እስከዚያ ሞተሩን በተነፈሰ ጎማ እየገፋችሁ ከሄዳችሁ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፣ ቫልቩም ከሥሩ ይቀደዳል። በአንድ ልጥፍ ይድን የነበረው ነገር አዲስ ያስገዛችኋል። ጎማውን ብቻ ግቢ ውስጥ ፈትቶ በባጃጅ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሰው የሚቸገረው መሃል ላይ አንዱ ነገር እምቢ ሲለው ነው፣ ያኔ አብዛኛው ሰው ጉልበት ይጨምራል። እምቢ ያለ ነገር ግን ወይ ዝጓል፣ ወይ ደግሞ ሳይፈታ የቀረ ነገር ይዞታል። የቱ እንደሆነ ሳታውቁ መዶሻ አታንሱ። የማወራው እንደ ቦክሰር ስላሉ ትንንሽ ሞተሮች ነው፤ የኋላ ፍሬናቸው ከበሮ ነው፣ ማለትም የፍሬን ሸራው ጎማው መሃል ባለ ክብ ብረት ውስጥ ሆኖ ይይዛል።

ማቆሚያው መሬት ውስጥ ሰመጠ፣ ሞተሩም ዘመመ

ዋልካ አፈር ላይ፣ በተለይ ክረምት፣ ይሄ የታወቀ ነው። ከማቆሚያው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ከፍታውም በኋላ ይጠቅማችኋል። የፊት ፍሬኑን እጀታ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ከመሪው ጋር ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩት፣ አለዚያ ስትታገሉ ሞተሩ ወደ ፊት ተንከባሎ ከማቆሚያው ይወርዳል።

ዳዶው አይፈታም፣ ወይም ዝም ብሎ ይዞራል

ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ፔርኖው፣ ማለትም ጎማው መሃል የሚያልፈው ረጅሙ ብረት፣ አብሮት እየዞረ ነው። በሌላ መፍቻ የፔርኖውን ጭንቅላት በወዲያኛው በኩል ያዙት። ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ መጀመሪያ ዳዶው ላይ የታጠፈች የሽቦ መቆለፊያ መኖሯን እዩ። ካለች በፒንሳ አቅንታችሁ አውጧት። ቀጥሎ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ዝገት የሚያለቅቅ ዘይት አድርጉበትና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ዳዶውን በልኩ በተሠራ ክብ መፍቻ ፍቱት። እየሰፋ የሚጠበው መፍቻ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል፣ ጠርዙ ካለቀ ደግሞ ሥራው የበያጅ ይሆናል። ዳዶውን የምታላሉት ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ፣ ማቆሚያው ላይ ሳይወጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ሞተር በሰንሰለቱ በኩል ሁለት ዳዶ አለው፣ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ። ትልቁ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ ሹካው ላይ፣ ማለትም ጎማውን ከግራና ከቀኝ በያዘው ብረት ላይ፣ የሚይዝ ነው፣ አትንኩት። ጎማው ከጥርሱ ተላቆ ለብቻው ይወጣል፣ ሰንሰለቱም ባለበት ይቀራል።

ዳዶው ወጣ፣ ፔርኖው ግን ንቅንቅ አይልም

ሰው ብዙ የሚያጠፋው እዚህ ነው፣ እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ መስከረም የፔርኖውን ጫፍ በባዶ መዶሻ ስመታው ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ተጨፈለቀ። ፔርኖው በመጨረሻ ወጣ፣ ዳዶው ግን ተመልሶ አልገባም፣ ሌላ ፔርኖ ፍለጋ ሁለት ቀን ሄደብኝ። የወጣውን ሳየው መሃሉ ያብለጨልጫል፣ ኩሽኔታው (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን የቡና አተላ የመሰለ የዝገት ቀለበት ዙሪያውን ይዞታል። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ሲያልፍ የገባው ውሃ ነው። ያችን ቀለበት ጉልበት አያሸንፋትም፣ ዘይትና ጊዜ ነው የሚያላቅቃት።

ስለዚህ ዳዶውን ከፔርኖው ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሳችሁ ግጠሙት፣ የፔርኖውን ጥርስ ይጠብቅላችኋል። በሁለቱም በኩል ዘይት አፍስሱ። ከተቻለ አሳድሩት። ከዚያ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ጫፉ ላይ ደግፋችሁ በላዩ ምቱ። ትንሽ ሲነቃነቅ ዳዶውን አውጡና ፔርኖውን በመፍቻ ግራ ቀኝ እያዞራችሁ ከወዲያ በኩል ሳቡት። ሌላ ሰው ጎማውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢይዝላችሁ ክብደቱ ከፔርኖው ላይ ይነሳና ሥራው ግማሽ ይሆናል።

ፔርኖው ወጣ፣ ጎማው ግን አይወርድም

ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ዳዶ ፍቱና ስፕሪንጓን እንዳትጠፋ አስቀምጧት። ከዚያ ፍሬኑን ከሹካው ጋር የሚያስረውን ጠፍጣፋ ብረት ብሎን ፍቱ። እሱም ተፈትቶ ካልወረደ ሰንሰለቱ ነው፤ ማስተካከያዎቹን በሁለቱም በኩል እኩል ዙር አላሉ፣ ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉት፣ ጎማውን ወደ ፊት ገፍታችሁ ሰንሰለቱን ከሚዞርበት ጥርስ ላይ አንሱ። ፓራፋንጎው ከያዘው ደግሞ ሞተሩን ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት፣ በሌላ በኩል ይወጣል፣ የሚደግፍ ሰው ግን ይኑር።

ጎማው ሲወርድ ከግራና ከቀኝ ቦኮላ የምንላቸው አጫጭር የብረት ቧንቧዎች ይወድቃሉ። ቀድማችሁ ጨርቅ አንጥፉ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድሯቸው፣ በስልክ ፎቶ አንሷቸው። የፍሬን ሸራውን አቧራ በአፍ እፍ አትበሉት፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ግሪስ የነካው እጃችሁም ሸራው ዘንድ አይድረስ።

ከተገጠመ በኋላ ደህና አይደለም

ጎማው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል? ወይ ቦኮላ ተረስቷል፣ ወይ ቦታ ተለዋውጧል፣ ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ሰንሰለቱ ያንኳኳል ወይም ያቃስታል? የግራውና የቀኙ ማስተካከያ ሹካው ላይ ባሉት ምልክቶች እኩል አልቆመም፣ ወይም ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ጠብቋል። ለእነዚህ ሞተሮች የታችኛውን ሰንሰለት መሃል በጣት ስትገፉት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ያህል ቢጫወት ደህና ነው፣ የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው የእሱን ያዙ። ፍሬኑ እያሻሸ ጎማውን ይይዛል? ፔርኖውን ስታጠብቁ የፍሬኑን ፔዳል ረግጣችሁ ያዙ፣ ሸራዎቹ ከበሮው መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በማስተካከያዋ ዳዶ ፔዳሉን ልክ አድርጉ።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ጠፍጣፋው ብረት ነው። ብሎኑ ተረስቶ የተነዳ ሞተር የመጀመሪያው ጠንካራ ፍሬን ላይ የፍሬኑ ክዳን አብሮ ዞሮ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል፣ ጎማውም ድንገት ሊታሰር ይችላል። ከደሴ መንገድ ሲኖ ትራክ ከኋላችሁ እየመጣ ይህ ሲሆን አስቡት። ብሎኑን አጥብቁ፣ የሽቦ መቆለፊያዋን በአዲስ ተኩ፣ በእጅ ነቅንቁ።

ፔርኖውን ሳትመልሱ ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንሱና ስስ ግሪስ ቀቡት፣ በሚቀጥለው ክረምት በእጅ ይወጣል። ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ፣ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን ሞክሩ፣ ስትመለሱ ዳዶውን እንደገና በመፍቻ ፈትሹት።