የወንዝ ዳር ግቢን ከጎርፍ የሚጠብቅ የጋቢዮን ግንብ አሠራር

ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚያመራው ቦርከና በበጋ ቀጭን ወንዝ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ከተራሮቹ የሚወርደውን ጎርፍ ተሸክሞ የዳርቻውን አፈር እየቆረሰ ይወስዳል። ግንቡ የሚሠራበት ጋቢዮን በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ መረብ ሳጥን ነው። ግቢያችሁ በወንዙ መታጠፊያ በውጭው ዳር ከሆነ ውኃው የሚበረታው በእናንተ በኩል ነውና ሥራውን የበልግ ዝናብ ሳይደርስ፣ በታኅሣሥና በጥር ጨርሱት። ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅና ጎረቤትን ማማከር ይቀድማል፤ የአንዱ ግንብ ጎርፉን ወደ ሌላው ሊመልሰው ይችላልና።

ከሁሉ የሚከብደው የግንቡ እግር ነው። የባሕር ዳር ግንብ ማዕበሉ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ሲጠርግበት እንደሚወድቅ ሁሉ፣ የወንዝ ግንብም ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ከሥሩ ተሸርሽሮ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ወለል በታች፣ ቢቻል አለት እስኪገኝ ድረስ ቆፍሩ። አለት ካልተገኘ ከግንቡ ፊት ወደ ወንዙ የሚዘረጋ፣ ውፍረቱ 30 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ጋቢዮን አንጥፉ። ጎርፉ የንጣፉን ጫፍ ከሥር ሲቦረቡረው ንጣፉ ታጥፎ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ዋናው ግንብ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የንጣፉ ስፋት ውኃው ሊቦረቡረው ይችላል ተብሎ ከሚገመተው ጥልቀት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚተወው ይህንኑ ንጣፍ ነው፤ እኔ ግን ገንዘብ ካነሰ ከግንቡ ርዝመትም ሆነ ከቁመቱ ተቀንሶ ንጣፉ ሳይነካ እንዲቀር አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያ ሳጥኖቹን (የተለመደው መጠን 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ነው) እርስ በርስ በሽቦ ስፏቸው፤ ሽቦው ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ይሁን። ድንጋዩ ከመረቡ ቀዳዳ የሚበልጥ፣ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ በእጅ ይደርደር፤ ከገልባጭ መኪና በቀጥታ ከተደፋበት የሳጥኑ ሆድ ይነፋል። ሳጥኑ ሲሶው ሲሞላ የፊቱንና የኋላውን መረብ በሽቦ አያይዛችሁ እሰሩ፤ ሁለት ሦስተኛው ላይ ድገሙት፤ ከዚያ ሞልታችሁ ክዳኑን ስፉ። ቁመቱ ከሁለት ሳጥን የሚያልፍ ከሆነ መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል።

ግንቡን በሲሚንቶ መለሰን ስህተት ነው፤ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውኃ በድንጋዮቹ መካከል ካላለፈ ግንቡን ይገፋዋል። አፈሩ ታጥቦ እንዳይወጣ ከጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ዘርግታችሁ ሙሉት። ሁለቱን ጫፎች ደግሞ ወደ ዳርቻው ውስጥ አስገብታችሁ ቅበሩ፤ ጎርፉ በጫፍ ዞሮ ከጀርባ ከገባ ግንቡን ለብቻው ያስቀረዋል። ክረምት ሲገባ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ መረቡን ተመልከቱ፤ የተበጠሰ ካለ ድንጋዩ ሳይፈስ በዚያው ሳምንት በሽቦ ስፉት።